እድሩ ሳይለመን ይከፈላል፣ ለፓምፑ ለምን ሰው ይጠፋል?

ጥያቄው የመጣው ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠያቂዋ የብሎካቸው ኮሚቴ ጸሐፊ ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ብሎካችን ከግራውንዱ ሌላ አራት ፎቅ አለው፤ 30 ቤት ነን። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከታች ካለው ማጠራቀሚያ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ተቃጥሎ ማሠሪያው 24 ሺህ ብር ተባለ። ለአንድ ቤት 800 ብር ማለት ነው። በሦስት ወር ውስጥ የከፈለው 12 ቤት ብቻ ነው። ግራውንድ ያሉት ‹እኛ ጋ ውሃ ይደርሳል› ይላሉ። ተከራዮች ‹ባለቤቱን ጠይቁ› ይላሉ። ባለቤቶቹ ስልክ አያነሱም። የእነዚሁ ሰዎች እድር ግን አንድ ወር አይጓደልም። ሕዝባችን ለሞተ እንጂ ለኗሪ መተባበር አይችልም ማለት ነው? ኮሚቴው የማይከፍሉትን ውሃ እንቁረጥባቸው እያለ ነው። ወረዳው ቢያስገድድልንስ? ያለፈው ዕዳስ ምን ይደረግ?»

ሕዝባችን መተባበር አይችልም የሚለውን በቅድሚያ እናንሳው። ስህተት ነው፤ ማስረጃውንም ራስዎ ጽፈውታል። እሑድ ጠዋት የእድር ገንዘቡን ቆጥሮ ይዞ የሚወጣው ሰው፣ ሰኞ ማታ ለፓምፕ ሲንኳኳበት በሩን አይከፍትም። በአንድ ቀን ጸባዩ አልተለወጠም። የተለወጠው ደንቡ ነው። ሰዎች በጋራ ጉዳይ እንዴት እንደሚሰባሰቡና እንደሚበተኑ ማጥናት ሙያዬ ነው። ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ ከሚል ጥያቄ ተነስቼ አንድም ጊዜ መፍትሔ ላይ ደርሼ አላውቅም። ደንቡ ለከፈለ ምን ይሰጣል? ያልከፈለን ምን ያሳጣዋል? ማን አወጣው? መፈጸሙን ማን ያያል? ሁልጊዜ መልሱን ያገኘሁት ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ አትጥሩ። የጎደለው ግንዛቤ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ያለች እናት በሁለት እጇ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዛ እንደምትወጣ በብሎኩ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። 40 ኪሎ ነው። በየደረጃው ማጠፊያ ላይ አሳርፋ ስትተነፍስ ሁሉም በበሩ በኩል ይሰማታል።

አሁን እድሩን ጠጋ ብለን እንየው። እድር የሚቆመው በፍቅርና በባህል ነው ይባላል። ፍቅሩ አለ፣ አልክድም። ግን መዝገቡን ገልጠው ይመልከቱ። መተዳደሪያ ደንብ አለው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መዋጮው የታወቀ ነው፤ የሚከፈልበት ቀንም የታወቀ ነው። የዘገየ ይቀጣል። ድንኳን ተከላ የቀረ ይቀጣል። ወራት አሳልፎ ዝም ያለ መጀመሪያ ይነገረዋል፣ ቀጥሎ ይቀጣል፣ ባስ ሲል ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ሐዘን ቢገባ ድንኳኑ አይመጣም፣ ወንበሩ አይመጣም፣ ድስቱም አይወጣም። ይህን የማያውቅ አባል የለም።

ልጅ ሆኜ አባቴን ተከትዬ እድር እሄድ ነበር። ጸሐፊው ሁለት እስክሪብቶ ነበራቸው፤ ሰማያዊው ለከፈለ፣ ቀዩ ለቀረ። አንድ ቀን የጎረቤታችን ስም ሲጠራ ፊት ለፊቱ ቀይ መስመር ነበረ። ሰውየው ተነሳ። ሳንቲሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም ምንም አላለውም። ጸሐፊው ቀዩን ሰርዘው በሰማያዊ ጻፉ፤ ቀጣዩ ስም ተጠራ። ቅጣቱ ትንሽ ነበር። ግን ሁሉም አየው፣ እዚያው አለቀ፣ ቂምም አልተረፈበትም። ለብሎካችሁ የጎደላችሁ ይሄ ነው።

ፓምፑ በምን ይለያል? ታክሲን ያስቡ። ረዳቱ «ሒሳብ!» የሚለው መውረጃዎ ሳይደርስ ነው። ያልከፈለ ከመውረዱ በፊት ይታወቃል። ፓምፑ ግን ረዳት የለውም። አንዴ ከተሠራ ውሃውን የሚገፋው ለከፈለም ላልከፈለም ነው። አንድ ቤት 800 ብሩን ቢያስቀር ውሃው አይቀርበትም፤ ገንዘቡም ኪሱ ይቀራል። ይህን ስሌት 18 ቤት በየራሱ ሲያሰላ ፓምፑ ተቃጥሎ ይቀራል። አንዳቸውም ይህ እንዲሆን አልፈለጉም። ሆነ ግን።

ማንከር ኦልሰን የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። ሰዎች የጋራ ጥቅም ስላላቸው ብቻ በጋራ አይነሱም አለ። ጥቅሙ ላልከፈለም የሚደርስ ከሆነ እያንዳንዱ ሌላው እስኪከፍል ይጠብቃል። ቡድኑ በበዛ ቁጥር የአንድ ሰው መቅረት ስለማይታይ ነገሩ ይብሳል። የሚበጀው ለከፋይ ብቻ የሚደርስ ነገር ወይም ያልከፈለን ብቻ የሚነካ ቅጣት ማበጀት ነው። የእድሩ ድንኳን የመጀመሪያው ነው። የጸሐፊው ቀይ እስክሪብቶ ሁለተኛው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው የኮንዶሚኒየም ነው። ገበሬው ደቦንና ወንፈልን ለይቶ የሚጠራው ያለምክንያት አይደለም። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ እኔ ያንተ ማሳ ላይ የዋልኩትን ቀን አንተ የእኔ ማሳ ላይ ትመልሳለህ፤ ቀኑ ይቆጠራል። ይህ የሚሠራው ግን ነገም እዚያው መሆንህን ሳውቅ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰን በዕጣ ነው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ መጥቶ በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። የድሮው ሰፈር የሦስት ትውልድ ትውውቅ ነበረው። እዚህ ከማዶ ያለውን ጎረቤት ስም ሳያውቁ ዓመት ይሞላል። ባለዕጣው አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ ተከራዩ ነገ ይለቃል። ማን የማንን ቀን ይቁጠር? ብዙ ሰው ወደ ዳር ከወጣ በኋላ እንኳ በድሮ ሰፈሩ እድር የሚቀጥለው ለዚህ ይመስለኛል። ሁለት ታክሲ ይዞ ይሄዳል እንጂ መዝገቡን አይለቅም።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ተስፋ የለውም፣ መንግሥት ይግባበት» ማለት ይመጣል። ምሁራኑም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የሚባል የሥነ ሕይወት ሊቅ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው መራቆት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚታየው መፍትሔ ሁለት ብቻ ሆነ፦ ወይ መንግሥት ይቆጣጠረው፣ ወይ ለግል ይከፋፈል። ይህን ያፈረሰችው አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው ሎስ አንጀለስ አካባቢ በሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነው። ሁሉም እንደፈለገ እየሳበ ውሃው ወረደ፤ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓዶቹ መግባት ጀመረ። ውሃ ሳቢዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ የሚስበው መጠን ተወሰነ፤ ስምምነቱ መከበሩን የሚከታተልም ተሾመ። ኦስትሮም ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን የሰጠችው እንዲህ ያሉ ስምምነቶች የት እንደቆሙና የት እንደፈረሱ በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ደንብ መጠበቅ ይችላሉ፤ እሷ ያገኘችው ይህን ነው። እዚህ አገር በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ ማየት ይቻላል። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት የሚሆን ነው። የአካባቢው ሰው ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖረ። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ጠባቂ አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም በር የሌለው ቤት ሆነ። በኋላ ነዋሪው በአዲስ መልክ ተደራጅቶ እንደገና እየጠበቀው ነው። ያው መሬት፣ ያው ሕዝብ ነው። በመሃል ፈርሶ የተመለሰው ደንቡ ነው።

ለእርስዎ ብሎክ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የኔፓል የመስኖ ነገር ነው። ኦስትሮምና ባልደረቦቿ ሁለት ዓይነት መስኖ አነጻጸሩ። አንዱ ገበሬዎቹ በድንጋይ፣ በጭቃና በግንድ ገድበው ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ነው። ሌላው መሥሪያ ቤት በኮንክሪት የሠራው ነው። ኮንክሪቱ ያምራል። በብዙ ቦታ ግን ውሃ ለታችኛው ገበሬ ደህና አድርጎ የሚያደርሰው የጭቃው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ይኸው፦ የጭቃው ግድብ በየዓመቱ ይፈርሳል። የላይኛው ገበሬ ብቻውን አይጠግነውም፤ የታችኞቹ ጉልበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውሃ ያካፍላቸዋል። ኮንክሪት ሲሠራለት ግን የታችኞቹ አላስፈለጉትም፤ ውሃውን ያዘው።

አሁን ወደ ብሎክዎ ይመለሱ። አራተኛ ፎቅ ግራውንዱን ይፈልገዋል፤ ለፓምፕ እንዲያዋጣ። ግራውንዱስ ከአራተኛ ፎቅ የሚፈልገው ነገር አለ? ጥያቄዎ ላይ የለም። ኮሚቴውም ጠይቆ አያውቅም ብዬ እገምታለሁ።

አለ። የፍሳሽ መስመር ሲደፈን መጀመሪያ የሚወጣው ግራውንድ ቤት ነው። ከላይ ያለው ሰው ውሃ ይለቅና ይረሳዋል፤ ቆሻሻው ወርዶ መሄጃ ሲያጣ የሚመለሰው በታችኛው ቤት ሽንት ቤት ነው። አንድ ጊዜ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ስብሰባው የተጠራው ስለ ፓምፕ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ። ግራውንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ዝም ብለው ቆዩና ተነሱ። የነጠላቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው «ኑ፣ ቤቴን እዩ» አሉ። ሰው ተከትሏቸው ገባ። የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ በጡብና በሲሚንቶ ትንሽ ግድብ ሠርተዋል። ሲፈላ ሳሎን እንዳይገባባቸው ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ወጣት ያንን ግድብ ቁጢጥ ብሎ እያየ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የእኛ ነው» አላቸው። የዚያን ቀን ማታ የፓምፑና የፍሳሹ መዋጮ አንድ ሆኖ ጸደቀ። ተቃዋሚ አልነበረም።

የእኔ ምክር የቆመው እዚህ ላይ ነው። ለፓምፕ ብቻ መዋጮ አትጠይቁ። ፓምፕን፣ የፍሳሽ ጠረጋን፣ የደረጃ መብራትንና ጥበቃን በአንድ ወርሃዊ መዋጮ እሰሩት። ጣሪያ የሚያፈስባችሁ ከሆነ እሱንም ጨምሩ፤ እሱ የአራተኛ ፎቅ ችግር ነው። ተነጣጥለው ሲጠየቁ ለእያንዳንዱ የማይመለከተው ሰው አለ። ሲታሰሩ ግን የማይመለከተው ቤት አይኖርም። «ፎቅ እየለየን እናስከፍል» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አትግቡበት። በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። መጀመሪያ የማኅበሩ ሰነዶች ላይ የተጻፈ የመዋጮ ድርሻ ካለ እሱን እዩ። ከሌለ እኩል ክፈሉ።

እና ሥራውን በፍሳሹ ጀምሩ። ይህን ስል ኮሚቴው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፤ የተቃጠለው ፓምፑ ነውና። ግን ካልከፈሉት መካከል «አይመለከተንም» የሚሉት ግራውንድ ያሉት ናቸው። ማንሆሉ ተከፍቶ ሲጠረግ በዓይናቸው ይዩ። ከ12ቱ ቤት የተሰበሰበው 9,600 ብር እጃችሁ ላይ አለ። የ12ቱን ፈቃድ ጠይቁና ከእሱ ላይ ለጠረጋው አውጡ። ሳይጠይቁ ግን አንድ ብር እንዳትነኩ። ለፓምፕ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ነው።

ደንቡን በሁለት ገጽ ጻፉት። ሌላ ብሎክ ያወጣውን ገልብጣችሁ አታምጡ፤ ሰው የሚያከብረው ሲወጣ የነበረበትን ደንብ ነው። የመክፈያው ቀን ይታወቅ። ቅጣቱ እንደ እድሩ በደረጃ ይሁን፦ ማስታወሻ፣ ትንሽ ቅጣት፣ ከፍ ያለ ቅጣት፣ ከዚያ በስብሰባ የመምረጥ መብት መታገድ። በመጀመሪያው ወር ከባድ ቅጣት የጣለ ማኅበር በሦስተኛው ወር ቀጪ ያጣል። ከባድ ቅጣት ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ለመፈጸም ያፍራልና። ሥራ ያጣ፣ የታመመ ቤት ካለ ጊዜ የሚሰጥበት አንድ አንቀጽ ይኑር። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም አይቀመጥ። ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። በወሩ መጨረሻ ገቢና ወጪው አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ መግቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ ቴሌግራም ላይ ብቻ አይበቃም፣ ቴሌግራም የሌላቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ኮሚቴው በየዓመቱ ይቀየር። ደግ ሰው እንኳ ቢሆን ይቀየር። ብዙ ጥሩ ማኅበር የፈረሰው አንድ ታታሪ ሰው ሁሉን ብቻውን ተሸክሞ ሲደክመው ነው።

ውሃ መቁረጡን በተመለከተ፦ አይሆንም። የቤቱ ቆጣሪ ውል ነዋሪው ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ጋር ያለው ነው፤ ኮሚቴ መስመር የመዝጋት ሥልጣን የለውም። ሕፃን፣ አራስ፣ በሽተኛ ያለበት ቤት ውሃ ማሳጣት በደንብም በህሊናም አይቆምም። እንዲያው ሥልጣኑ ቢኖራችሁ እንኳ አትጠቀሙበት። በማግስቱ አንዱ ቧንቧ ይሰብራል፣ ሌላው ቁልፍ ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበስባችሁ አታገኙም። ላልከፈለ የሚቀር ነገር ከተፈለገ የጋራ መገልገያ አዳራሹን ለልደትና ለምርቃት መጠቀም ይበቃል። ለሐዘን ግን አትከልክሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዕዳ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ሕጉ። «ሕግ የለንም» የሚሉ ኮሚቴዎች ያጋጥሙኛል። አለ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለእንዲህ ዓይነቱ የጋራ ሕንፃ የወጣ ነው። ቤቱ የግልዎ ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ መስመሩ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ነው። ይህን የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት አለው፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ታዲያ የእናንተ «ኮሚቴ» የተመዘገበ ማኅበር ነው ወይስ በጎ ፈቃደኞች? ይህን ዛሬ ያጣሩ። ያልተመዘገበ ኮሚቴ በራሱ ስም ውል ለመዋዋልም፣ ስልክ የማያነሳ ባለቤት ላይ ክስ ለመመሥረትም አቅም የለውም። ክሱ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ግን መኖሩ መታወቁ ብቻ ብዙ ስልክ ያስነሳል።

ተከራዮቹን አትውቀሱ። ሕጉ አባል ያደረገው ባለቤቱን ነው፤ «ባለቤቱን ጠይቁ» ማለታቸው ትክክል ነው። ውሃውን የሚጠቀሙት፣ ፍሳሹን የሚለቁት ግን እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ በር ተከፍቷል። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። ውሉ ላይ አንድ መስመር ይግባ፦ የብሎኩን ወርሃዊ መዋጮ ማን ይከፍላል? ባለቤቱ ወይም ተከራዩ፣ እንደተስማሙ። ማንም ይክፈል፣ በጽሑፍ ይታወቅ። ውሉ ቀድሞ ተፈርሞ ከሆነ ባለቤቱ ለማኅበሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ። ለተከራዮቹም ድምፅ ስጧቸው። ጣሪያ መቀየርን የመሰለ የንብረት ጉዳይ ባለቤቶቹ ይወስኑ፤ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የውሃ ሰዓት ጉዳይ ላይ ግን የሚኖርበት ሰው ይናገር። ሳይጠየቅ የሚከፍል ሰው የለም።

ወረዳው ያስገድድልን ስላሉት፦ ለምዝገባ፣ ለሽምግልና፣ ለምስክርነት ወረዳው ይጠቅማችኋል። ገንዘብ ሰብሳቢ አድርጋችሁ ግን አትጥሩት። ቀበሌ መጀመሪያ ምን እንደነበረ ያስታውሱ። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ነዋሪው የራሱን ሰፈር ጉዳይ በራሱ እንዲያይ ታስቦ። ጥቂት ሳይቆይ የመንግሥት የታችኛው እርከን ሆነ፤ ነዋሪው ከአባልነት ወደ ባለጉዳይነት ወረደ። ትእዛዝ ከላይ ሲመጣ ሰው ይከፍል ይሆናል፤ ግን የራሱ ነው ብሎ አይጠብቀውም። ፓምፑ እንደገና ሲቃጠል ደግሞ «ወረዳው ያሠራው» ይላል።

በሌላ በኩል ብሎካችሁ የማይፈታቸው ነገሮች አሉ። ዋናው መስመር ላይ ውሃ ከሌለ ጥሩ ፓምፕ አየር ነው የሚገፋው። የሳይቱ ዋና ፍሳሽ፣ መንገዱ፣ ትራንስፖርቱ ከ30 ቤት አቅም በላይ ነው፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ጥያቄው ወደዚያ መሄድ አለበት። እንዴት ይሂድ? የሳይቱን ሕዝብ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ብትሰበስቡ ጩኸት ነው የሚሆነው፤ ኦልሰን ያለው የብዛት ችግር ነው። ከየብሎኩ አንድ ሰው ቢወከል ግን፣ ለምሳሌ ሃያ ብሎክ ሃያ ሰው ሆነ። ሃያ ሰው ይተዋወቃል፣ ይጠያየቃል፣ ማን እንደቀረ ያውቃል። እያንዳንዱ ተወካይ ደግሞ በራሱ ብሎክ የሚጠይቀው አለው።

እነዚያ ተወካዮች አቤቱታ ብቻ ይዘው አይሂዱ። ያየሁት አንድ ብሎክ ፓምፑ አጠገብ ደብተር በሲባጎ አስሮ ሰቅሎ ነበር። እርሳሱም ታስሯል። ዘበኛው ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የሄደበትንም ይጽፋል። ስድስት ወር የተጻፈ ደብተር ይዞ የፈረቃ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰውና «ውሃ የለም እኮ» የሚል ሰው እኩል አይደመጡም። የፈረቃው ፕሮግራምና በተግባር የመጣው ውሃ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ጠረጴዛው ማዶ ያለው ባለሙያም የቱ ጋ እንደተቆረጠ ለመፈለግ የሚነሳበት ነገር ያገኛል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «እድሩ ጠንካራ ስለሆነ የፓምፑን መዋጮ በእድሩ በኩል እንሰብስብ» የሚል ሐሳብ በቅርቡ ይመጣባችኋል። አትቀበሉት። የእድሩ አባላትና የብሎኩ ነዋሪዎች አንድ አይደሉም፤ ብዙዎቹ እድራቸው ሌላ ሰፈር ነው። ደግሞ የፓምፕ ጭቅጭቅ እድሩ ውስጥ ከገባ የሚጎዳው እድሩ ነው። ከእድሩ ውሰዱ የምለው አሠራሩን ነው፤ ካዝናውን ተዉት። አሠራሩ ራሱ ጉድለት የለበትም አልልም። መዋጮ የከበደው፣ አዲስ የመጣ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ከእድር ውጭ ይቀራል። በእናንተ ብሎክ ግን ከውጭ የሚቀር መኖር የለበትም፤ ለዚህ ነው የጊዜ መስጫ አንቀጹን አጥብቄ የምጠይቀው።

የቀረው ያለፈው ዕዳ ነው። ማሩት የሚል ወገን ይኖራል፤ ማንም አይማር የሚልም ይኖራል። ሁለቱንም አትከተሉ። ዕዳው ተምሮ ቢቀር 12ቱ ቤቶች በታማኝነታቸው ይቀጣሉ፤ ሁለተኛ ቀድሞ የሚከፍል አታገኙም። በቁጣ ብትጠይቁት ደግሞ 18ቱ በአንድ ወገን ይቆማሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መዋጮ በወር 400 ብር አድርጉት። ሁለቱ ወራት ሲደመሩ 800 ብር ነው። 12ቱ ቤቶች ቀድመው ስለከፈሉ ሁለቱ ወራት እንደተከፈሉ ይቆጠርላቸው። 18ቱ ሲከፍሉ 14,400 ብር ይገባል፤ ከ9,600 ብሩ ጋር 24 ሺህ ሞላ። ለፍሳሽ ጠረጋው የወጣው ከሦስተኛው ወር መዋጮ ይተካል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጠን ስብሰባው ይወስን። «ዕዳ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም ሳትጠሩት ተከፈለ።

አዲሱን መዝገብ ሲከፍቱ ግን ከ12ቱ ይጀምሩ። ለእያንዳንዳቸው ደረሰኝ ይጻፉላቸው፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የቤት ቁጥሩን። በሰማያዊ እስክሪብቶ።